ደጋ ላይ ኬክ ለምን ይወድቃል? አዲስ ሬሲፒ በሥራ ቀን እንዴት እንደምሞክር

ሸዋ ሮቢት እህቴ ቤት የጋገርኩት የቫኒላ ኬክ ጉብ ብሎ፣ መሃሉም ሳይሰረጉድ ወጣ። ደብረ ብርሃን ተመልሼ ያንኑ ሬሲፒ በዚያው ዱቄትና በዚያው ቤኪንግ ፓውደር ስሞክረው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከመጋገሪያው አፍ በላይ ተነፋ፤ ከዚያ ዓይኔ እያየ መሃሉ ወደ ውስጥ ገባ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ። የባከነውን ዱቄትና እንቁላል ሳስብ አንጀቴ አረረ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። አንድ ዓይነት ነገር አስገብቼ ሁለት ዓይነት ውጤት ካገኘሁ ያልቆጠርኩት ነገር አለ ማለት ነው። ያልቆጠርኩት ከፍታውን ነበር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጆሯችን ድፍን የሚለው በዚሁ የአየር ግፊት ልዩነት ነው። እኛ ጋ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ኬኩን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሳሳ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ያለ ከልካይ ይስፋፋል፤ ሊጡ ገና በስሎ ሳይጸና ጋዙ ጥሶት ይሄዳል። ውሃም እዚህ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ ይተናል። ውሃው ሲቀንስ የስኳሩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ስኳር የበዛበት ኬክ ደግሞ ለመጽናት ይዘገያል።

ስለዚህ አሁን አዲስ የኬክ ሬሲፒ እጄ ሲገባ እንደተጻፈው አልጀምረውም። ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ እቀንሳለሁ፤ 2 የሻይ ማንኪያ የሚል ከሆነ 1 አደርገዋለሁ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ አወጣለሁ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ እጨምራለሁ። ጠርዙ ቶሎ እንዲይዝ ኦቨኑን 10 ዲግሪ ከፍ አደርጋለሁ። የእንቁላል ነጭ ለብቻው የሚመታበት ከሆነም አረፋው ደርቆ እስኪቆም አልመታውም፤ ማንኪያውን ሳነሳው ጫፉ ለስለስ ብሎ ሲታጠፍ አቆማለሁ። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማና እሷን በመሰለ ደጋ ያላችሁ ከእነዚህ ቁጥሮች ጀምሩ። ቆላ ያላችሁ መጀመሪያ እንደተጻፈው ሞክሩት። ብስኩት ግን የትም ቢሆን ብዙ አያስቸግርም፤ የሚነፋው ትንሽ ነውና።

ቀን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ቤት የምደርሰው ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ እራት አለ፣ የልጆች ጥናት አለ፣ የሚታረም ደብተር አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ እንቁላል ያለበት ኬክ ማክሰኞ ማታ ብጋግር በማግስቱ የሚቀምስልኝ የለም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማኝ፦ የፍስኩን ሰኞ ማታ፣ የጾሙን ሐሙስ ማታ። የሰኞው ማክሰኞ፣ የሐሙሱ ዓርብ ለሻይ እረፍት መምህራን ክፍል ይደርሳል። ኬክ አድሮ ሲበላ ጣዕሙ ስለሚሰበሰብ ይህ ለሙከራውም ይበጃል። ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨዉን እሑድ ማታ መዝኜ በላስቲክ ቋጥሬ አስቀምጣለሁ። ሰኞ የሚቀረኝ እርጥቡን መምታትና ማደባለቅ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሁዳዴ 55 ቀን የፍስክ ሙከራ ስለማይኖር የጾሙን ኬክ ደጋግሜ አስተካክላለሁ።

ለሙከራ ሙሉውን አልጋግርም። ብዙዎች ሬሲፒውን በግማሽ ይቀንሱና በትልቁ መጋገሪያ ያፈሱታል፤ ያኔ ኬኩ ቂጣ ይሆናል። መቀነስ ያለበት የመጋገሪያው ስፋት ነው። የክብ ስፋት የሚለካው በራዲየሱ ካሬ ስለሆነ የ28 ሴንቲሜትር መጋገሪያ ግማሽ 14 ሴንቲሜትር ሳይሆን 20 ሴንቲሜትር ነው። 14 በ14 ሲባዛ 196፣ 10 በ10 ሲባዛ 100፤ ግማሹ ገደማ። ይህን ለተማሪዎቼም በኬክ ነው የማስተምረው፤ አይረሱትም።

እንቁላልን አትቁጠሩ፣ መዝኑ። ከውጭ የመጣ ሬሲፒ 1 እንቁላል ሲል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል ማለቱ ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ለሦስቱ አራት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። 3 እንቁላል የሚለውን በግማሽ ስሠራ አስኳሉንና ነጩን አንድ ላይ መትቼ 75 ግራም እለካለሁ። የቀረው ለልጆች ቁርስ ይሆናል። ኩባያም ቢሆን 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው እንጂ የሻይ ብርጭቆ አይደለም። አንድ ኩባያ ዱቄት 125 ግራም፣ አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው። ሙቀቱ በፋራናይት ከተጻፈ 32 ቀንሱና ለ1.8 አካፍሉ፤ 350 የሚለው 177 ይሆናል።

ኦቨናችሁ የሚነግራችሁን ቁጥርም ፈትሹት። የእኔ ትንሿ ኦቨን 180 ላይ ሳደርጋት ውስጧ ከዚያ ዝቅ ያለ ነበር። ቴርሞሜትር ስላልነበረኝ በስኳር ለካኋት። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር በፎይል ላይ አድርጋችሁ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡ። 175 ላይ አድርጋችሁት ከቀለጠ ኦቨኑ ከሚለው በላይ ይሞቃል፤ 195 ላይም እንደ ነጭ አሸዋ ከቀረ ከሚለው በታች ነው። የእኔዋ 205 ላይ ነው ያቀለጠችው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ 20 ዲግሪ ያህል እጨምርላታለሁ። መብራት ቢጠፋ መዝጊያውን አትክፈቱ። ኬኩ ሃያ ደቂቃ ካለፈው በያዘችው ሙቀት ሊጨርስ ይችላል።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ከአንዱ ሙከራ ወደ ቀጣዩ የምትለውጡትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ስኳሩንም ሙቀቱንም አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም። የእኔ ደብተር ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ኅዳር 9። ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ ማንኪያ፣ 190 ዲግሪ፣ 24 ደቂቃ። መሃሉ ቆሟል፣ ጠርዙ ደርቋል። ቀጥሎ ወተት 1 ማንኪያ ጨምሪ።»

ቀማሽን መጠየቅ ከባዱ ነገር ነው። «ይጣፍጣል?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ይላችኋል፤ ባህላችን ነው፣ ደስ ይላል፣ ለደብተር ግን አይሆንም። እኔ «ስኳሩ በዛ ወይስ አነሰ?» እላለሁ፤ እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ሳይፈራ ይመርጣል። ሁለት ዓይነት ስሠራ ደግሞ ሁለት ሳህን አስቀምጬ ዝም እላለሁ፤ ከእረፍት በኋላ የትኛው ሳህን ባዶ እንደሆነ አያለሁ።

በዚህ መንገድ ተጣርቶ የወጣው የዓርብ ኬኬ ይኸውና። 200 ግራም ዱቄት፣ 160 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ አለፍ ያለ ቤኪንግ ሶዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አብራችሁ ንፉ። በሌላ ዕቃ 265 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ቫኒላ ቀላቅሉ። ኦቨኑ 190 ደርሶ፣ የ20 ሴንቲሜትር መጋገሪያው ዘይት ተቀብቶ ዝግጁ ሳይሆን አቼቶውን እንዳትነኩት። ሶዳውና አቼቶው እንደተገናኙ ጋዙ መውጣት ይጀምራል፤ ጠረጴዛ ላይ የወጣው ደግሞ ለኬኩ አይተርፍም። ሁሉ ነገር ሲሰናዳ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ውሃው ላይ ጨምሩ፣ ዱቄቱ ላይ አፍሱት፣ ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስላችሁ ወዲያው አስገቡት። 30 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ስንጥር ስትወጉበት ንጹሕ ሆኖ ይውጣ። የአቼቶው ሽታ ሲጋገር ይጠፋል።

አሁን የያዝኩት የበሶ ብስኩት ነው። አገራችን የገብስ አገር ሆኖ ሳለ ብስኩታችን ሁሉ ፉርኖ ብቻ መሆኑ ይቆጨኛል። በመጀመሪያው ሙከራ ከዱቄቱ ሢሶውን በሶ አደረግሁት፤ ስናነሳው እጃችን ላይ ፈረሰ። ገብስ እንደ ስንዴ ሊጥ አያያይዝም፣ በሶ ደግሞ የተቆላ ስለሆነ ጭራሽ ይፈረፈራል። ወደ ሩብ ስወርድ ያዘ፦ 150 ግራም ፉርኖ፣ 50 ግራም በሶ፣ 110 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 70 ግራም ስኳር፣ 1 አስኳል፣ ቁንጥር ጨውና ኮረሪማ። በሶው እርጥበቱን ቀስ ብሎ ስለሚጠጣ ሊጡ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መስኮት ላይ ማስቀመጥ እንደ ፍሪጅ ነው። 175 ዲግሪ፣ 13 ደቂቃ።

ከመንዝ የመጡት የባለቤቴ እናት አንዱን ቀምሰው «ልጄ፣ በሶው የት ገባ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቅቤው ሸፍኖታል። በሶ መጨመር አልችልም፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ሽታው እንዲነሳ በሶውን ከመቀላቀሌ በፊት ለሁለት ደቂቃ በደረቅ መጥበሻ አመስ አመስ አድርጌ አቀዘቅዘዋለሁ። የፊታችን ሰኞ የምለውጠው ይህንን ብቻ ነው፤ በሶው ተመዝኖ ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሯል።