የአሜሪካን የቤተሰብ ቪዛ ወረፋ ለማንበብና ተራን ላለማጣት

እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። የ1965ቱ ማሻሻያ ይህን በትውልድ አገር ማበላለጥ አስቀርቶ ዝምድናንና ሙያን መለኪያ አደረገ። ዛሬም ግን አንድ አገር ከቤተሰብና ከሥራ ኮታው ከ7 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። ኢትዮጵያ ጣሪያው ላይ ስለማትደርስ የራሷ ዓምድ የላትም። ስለዚህ የየምድቡ ተራ የት እንደደረሰ በየወሩ በሚያሳውቀው የአሜሪካ መንግሥት ሰንጠረዥ፣ በቪዛ ቡለቲን ላይ የሌሎች አገሮችን ሁሉ የያዘውን የመጀመሪያ ዓምድ አንብቡ።

የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅና ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅ ወረፋ አይጠብቁም። የዜጋ ወንድምና እህት ግን ኤፍ4 በሚባለው የወረፋ ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ ኮታው በዓመት 65,000 ሲሆን የትዳር ጓደኛቸውና ልጆቻቸውም ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ። ከ15 ዓመት በላይ የሚያስጠብቀውም ለዚህ ነው።

ተራችሁን የሚወስነው ዘመድ ለማስመጣት የሚሞላው አይ-130 ፎርም የገባበት ቀን ነው፤ የጸደቀበት አይደለም። ይህ ቀን በቡለቲኑ «የመጨረሻ ውሳኔ» በሚለው ሰንጠረዥ ላይ ካለው ቀን መቅደም አለበት። እኩል ከሆነ ገና ነው። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ሰነድ ለማስገባት እንጂ ለቪዛ አያበቃም፤ እሱን አይቶ ሥራ መልቀቅና ቤት መሸጥ የተለመደ ስህተት ነው። ቀኑ ወደ ኋላም ይመለሳል፣ በተለይ የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ከመታደሱ በፊት ባሉት ወራት።

ብዙ ፋይል የሚበላሸው በጋብቻ ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት ያስመዘገበው ልጅ አባቱ ወይም እናቱ ዜግነት ሳያገኙ ካገባ ማመልከቻው እዚያው ይሞታል፤ ቢፋታም አይነሳም። የዜጋ ልጅ ከሆነ ግን ያገቡ የዜጋ ልጆች ምድብ ወደሆነው ኤፍ3 ይዛወራል፣ የቀድሞ ቀኑንም ይይዛል። ሠርጉ ከዜግነት መሐላው በኋላ ይሁን።

እናቱን የሚያስመጣ ዜጋም ታናናሾቹ አብረዋት የሚመጡ ይመስለዋል። አይመጡም። እሷ ግሪን ካርድ ካገኘች በኋላ ለእያንዳንዳቸው ራሷ ማመልከት አለባት።

የወንድማችሁ ልጅ 21 ዓመት ቢያልፈውም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ተራው በደረሰበት ቀን ካለው ዕድሜ ላይ አይ-130 ፎርሙ እስኪጸድቅ የወሰደውን ጊዜ ቀንሱ። ልጁ 21 ዓመት ከ10 ወር ቢሆነውና ማጽደቁ 14 ወር ቢፈጅ፣ በሕግ ፊት ዕድሜው 20 ዓመት ከ8 ወር ነው። ያላገባ መሆን አለበት፤ ተራው በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥም የቪዛ ማመልከቻ የሆነውን ዲኤስ-260 ፎርም መሙላት ወይም የቪዛውን ክፍያ መፈጸም ይኖርበታል። አይ-130 ፎርሙ ሳይጸድቅ ብዙ በቆየ ቁጥር ለልጁ ይበጃል፤ አዘገዩብን እያሉ የሚያማርሩ ወላጆች ይህን ብዙም አያስተውሉትም።