ጆሴፍ ካምቤልን ከየት ጀምረን እናንብበው?

አሜሪካዊውን የአፈ ታሪክ አጥኚ ካምቤልን ለማንበብ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ በ1949 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣውን ስለ ሺህ ፊት ጀግና የጻፈውን መጽሐፍ ያነሳና ትንሽ ገፋ አድርጎ ይተወዋል፣ አይፈረድበትም፣ የስነልቦና ሊቃውንቱን ፍሮይድና ዩንግን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ አድርጎ ነው የሚያወራው። ስለዚህ መጀመሪያ ከጋዜጠኛው ቢል ሞየርስ ጋር ያደረገውን የቲቪ ኢንተርቪው እዩ። ስድስት ክፍል ነው፣ የተላለፈው በ1988 እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ እዛ ላይ ሰውዬው ዘና ብሎ ስለሚያወራ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል።

ህይወቱንም ትንሽ እወቁ፣ ለምን ከህንድ ተረት ተነስቶ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ናቫሆ ጋ፣ ከዛ ንጉሥ አርተር ጋ እንደሚዘል ይገለጥላችኋል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሳንስክሪት (የጥንቱን የህንድ ቋንቋ) እና ዘመናዊ ስነጥበብ ልጨምር ሲል እሺ ስላላሉት ዶክትሬቱን ትቶ ወጣ፣ ወዲያው የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ ስራ የለም፣ ኒው ዮርክ ግዛት ያለችው ዉድስቶክ ከተማ ገብቶ አምስት ዓመት ገደማ ዝም ብሎ አነበበ። ቀኑን አራት አራት ሰዓት እየከፋፈለ ነበር አሉ። ከ1934 ጀምሮ ግን ሳራ ሎውረንስ ኮሌጅ ጡረታ እስኪወጣ አስተማረ።

አሁን ወደ ሺህ ፊት ጀግናው መጽሐፍ ስትገቡ፣ ሀሳቡ የጀግና ተረቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዞ ይከተላሉ የሚል ነው፣ ወረቀት ያዙና ሶስት ቦታ ክፈሉት፦ መውጣት፣ መፈተን፣ መመለስ። ጉዞውን የከፋፈለባቸውን አስራ ሰባት ደረጃዎች መሸምደድ አያስፈልግም። (ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ባለ አስራ ሁለት ደረጃ ክብ ስዕል ደግሞ የእሱ አይደለም፣ ክሪስቶፈር ቮግለር የሚባል የፊልም ድርሰት ባለሙያ ለሆሊዉድ ሰዎች ያሳጠረው ነው።) የቡድሃን ታሪክ ሞክሩበት፣ ልዑሉ ቤተ መንግስቱን ጥሎ ወጣ፣ ዛፉ ስር ማራ የሚባለው ፈታኝ ጋኔን ፈተነው፣ ተመልሶ አስተማረ፣ ቁጭ ይላል። ከዛ የግሪኩን ኤዲፐስን ሞክሩ። ካደገባት ከቆሮንቶስ ሸሸ፣ መንገድ ላይ ሳያውቅ አባቱን ገደለ፣ የጭራቋን የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈታ፣ ቴብስ ነገሰ፣ ግን ቴብስ የተወለደባት ከተማ ናት፣ ተመልሶ ገብቷል እሱ አያውቅም፣ በመጨረሻም ያመጣባት ወረርሽኝ ነው። እዚህ ጋ አስምሩ፣ እኔ በበኩሌ ቀመሩ አልገጥም ያለበት ቦታ ላይ ነው ተረቱ የሚጥመኝ።

ከካምቤል ሀሳብ የተቀዳውን የጆርጅ ሉካስን ፊልም ስታር ዋርስ አይቶ ካምቤል ሁሉንም ፈታው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተቺዎቹንም አንብቡ፣ ፎክሎር ያጠኑ ሰዎች የሚመስለውን መርጦ የማይመስለውን ይተዋል ይሉታል፣ እውነት አላቸው፣ ሞሪን መርዶክ ደግሞ የሴቷ ጉዞ የት ሄደ ብላ በ1990 የራሷን መጽሐፍ አውጥታለች። ካምቤል ስለ አምላክ ጭምብሎች የጻፋቸውን አራት ቅጾች ከዚህ በኋላ ብትደርሱባቸው ይሻላል፣ በተርታ መሄድ የለባችሁም፣ ስለ ግሪክና መካከለኛው ምስራቅ የምትፈልጉ ሶስተኛውን አንሱ።