ከንዑስ ግሩፕ ተነሥቶ ስለ ሙሉው ግሩፕ ሲደመደም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ግሩፕ ማለት አባላቱ እርስ በርስ የሚባዙበት ሕግ፣ ገለልተኛ አባልና ለእያንዳንዱ አባል ተገላቢጦሽ ያለው የሒሳብ ስብስብ ነው (ማባዛቱ በቅንፍ አቀማመጥ አይለወጥም)፤ ንዑስ ግሩፕ ደግሞ በዚያው ሕግ ራሱ ግሩፕ የሆነ የግሩፑ ክፍል ነው። የላግራንዥ ቲዎረም የንዑስ ግሩፕ አባላት ብዛት የውሱኑን ግሩፕ አባላት ብዛት ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል ይገልጻል። እጅግ የተለመደው ስህተት ይህን ገልብጦ፣ ለእያንዳንዱ አካፋይ የሚስማማ ንዑስ ግሩፕ አለ ብሎ መደምደም ነው። የአራት ነገሮችን ቦታ ከሚያቀያይሩት 24 ፐርሙቴሽኖች ተጋማሾቹ፣ ማለትም ሁለት ሁለት ነገሮችን በተጋማሽ ቁጥር ጊዜ በማቀያየር የሚገኙት፣ 12 ናቸው፤ እነርሱ የሚመሠርቱት ኤ4 የተባለው ግሩፕ፣ 6 የ12 አካፋይ ቢሆንም፣ ባለ 6 አባል ንዑስ ግሩፕ የለውም። ቢኖረው ኖሮ የግሩፑ ልክ ግማሽ ስለሚሆን፣ የትኛውም አባል በራሱ ሲባዛ ውጤቱ እዚያው ውስጥ መውደቅ ነበረበት፤ ሦስት ነገሮችን በዙር የሚያዛውር እያንዳንዱ ፐርሙቴሽን ደግሞ ተገላቢጦሹ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ እነዚህም 8 ስለሆኑ 6 ቦታ አይበቃቸውም። ይህን ማስረጃ አንድ ጊዜ በራስ እጅ ጽፎ መሥራት ቲዎረሙን አሥር ጊዜ ከማንበብ ይበልጣል። ንዑስ ግሩፕ ለመኖሩ ዋስትና ያለው፣ የሒሳብ ሊቁ ሲሎው እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መሠረት፣ የብቸኛ ቁጥር ርቢ (እንደ 3 ወይም እንደ 4 = 2×2) ለሆነ አካፋይ ነው፤ ኤ4ም ባለ 3 እና ባለ 4 አባል ንዑስ ግሩፖች አሉት።

አንድ ንዑስ ግሩፕ ኖርማል የሚባለው፣ አባሎቹ በየትኛውም የሙሉው ግሩፕ አባልና በተገላቢጦሹ መካከል ገብተው ሲባዙ ውጤቱ ከእርሱ የማይወጣ ከሆነ ነው። ኖርማል በሆነ ንዑስ ግሩፕ ውስጥ ኖርማል የሆነው በሙሉው ግሩፕ ውስጥም ኖርማል ነው ማለትም አያስኬድም። ባለ 8 አባል በሆነው የካሬ ሲሜትሪዎች ግሩፕ፣ የአግድሙ መስመር ነጸብራቅ የሚሠራው ባለ 2 አባል ንዑስ ግሩፕ፣ ራሱ ኖርማል በሆነ ባለ 4 አባል ንዑስ ግሩፕ ውስጥ ኖርማል ነው፤ ካሬውን 90 ዲግሪ ስናዞር ግን ያ ነጸብራቅ የቁሙ መስመር ነጸብራቅ ይሆናል።

ንዑስ ግሩፖቹ ሁሉ ኖርማል ከሆኑ ግሩፑ አቤሊያን ነው፣ ማለትም የማባዛቱ ቅደም ተከተል ውጤቱን አይለውጥም፣ የሚለውን ከ±1፣ ±i፣ ±j እና ±k የሚሠራው ባለ 8 አባሉ የኳተርኒየን ግሩፕ ያፈርሰዋል። የሒሳብ ሊቁ ዴዴኪንድ እ.ኤ.አ. በ1897 እንዳሳየው፣ አቤሊያን ያልሆኑት እንዲህ ያሉ ውሱን ግሩፖች ሁሉ ይህንኑ ግሩፕ በውስጣቸው ይይዛሉ።

የመጨረሻው ስህተት ይበልጥ ረቂቅ ነው። ከሙሉው ያነሱት ንዑስ ግሩፖች ሁሉ አቤሊያን ቢሆኑ፣ የሦስት ነገሮች ፐርሙቴሽኖች ሁሉ የሚመሠርቱት ባለ 6 አባሉ ኤስ3 እንደሚያሳየው፣ ሙሉው አቤሊያን ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም የሒሳብ ሊቆቹ ሚለርና ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1903 ሶልቨብል መሆኑ እንደማይቀር፣ ማለትም በአቤሊያን ደረጃዎች እንደሚገነባ አረጋገጡ። ከዚህ ተነሥቶ ንዑሶቹ ሶልቨብል ከሆኑ ሙሉውም ሶልቨብል ነው ማለት ግን ስህተት ነው፤ የአምስት ነገሮች ተጋማሽ ፐርሙቴሽኖች የሚመሠርቱት ባለ 60 አባሉ ኤ5 ሶልቨብል አይደለም፣ ከእርሱ ያነሱት ንዑስ ግሩፖቹ ግን ሁሉም ሶልቨብል ናቸው፤ ትልቁም ያው ባለ 12 አባሉ ኤ4 ነው።