የእባብ ቤትና ሙቀት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ 13 ዓመት ሲሞላት የጠየቀችኝ ስጦታ እባብ ነበር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እዚህ እባብን እንደ ድመት ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ነገሩን ሰምታ አማተበች። እኔም ለወራት እምቢ አልኩ። በኋላ ግን ልጅቷ ስለ እንስሳው ያነበበችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ ስታሳየኝ እሺ አልኳት። ቦል ፓይተን ከሚባለው ዝርያ አንዲት ትንሽ ሴት ገዛን። ቀለሟ ጠቆር ስለሚል ኑግ ተባለች።

ቦል ፓይተን ከዘንዶ ወገን ነው፤ ግን ይህ አያስደንግጣችሁ። መርዝ የለውም። ሲያድግም ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሀል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የትውልድ አገሩ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ድረስ ነው። ቀን ቀን አይጥ በቆፈረው ጉድጓድ ወይም በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሌሊት ይወጣል።

በመጀመሪያው የብርድ ወራት የኑግን ሆድ አቃጠልነው። ድናለች። ያየችው ስቃይ ግን አይረሳኝም። ልጆቻችሁ እባብ እየጠየቋችሁ ላላችሁ ወላጆች ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እባብ ሰውነቱን የሚያሞቀው እንደ እኛ ከውስጥ አይደለም። ሲበርደው ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል። የበላው ምግብ እንኳ የሚፈጨው ሰውነቱ በቂ ሙቀት ካገኘ ነው። ሳጥን ውስጥ ስናስገባው ፀሐዩንም ጥላውንም የምናቀርብለት እኛ ነን። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ያን ምርጫ የሚነጥቁት ናቸው።

እባቡን ገዝቶ ቤቱን በኋላ ማዘጋጀት

ሰው ሱቅ ገብቶ እባቡን ያያል፣ ይወደዋል፣ ይገዛል። ሳጥኑ የሚገጣጠመው ማታ፣ እንስሳው ካርቶን ውስጥ እየጠበቀ ነው። ሙቀቱ ልክ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ቤቱን ከሳምንት በፊት አዘጋጁ። ማሞቂያውን አብሩት፤ ቀንም ሌሊትም ለኩት፤ ካልተስተካከለ አስተካክሉት። እባቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዕድሜውንም አስቡ። ቦል ፓይተን በደንብ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ ተገምቶ ነበር። ልጃችሁ ኮሌጅ ስትገባ ሳጥኑን የምትንከባከቡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ ይህን አምኜ ነው የገባሁበት።

ማሞቂያን ያለ ቴርሞስታት መሰካት

የእኛ ስህተት ይህ ነበር። የገዛነው ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን ተጠቃሎ የሚሸጠውን ነው፦ የመስታወት ሳጥን፣ ከሥሩ የሚለጠፍ ሂት ማት (በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ምንጣፍ)፣ ትንሽ ክብ ቴርሞሜትር። ሙቀቱ የተፈለገው ልክ ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚገታው መሣሪያ፣ ቴርሞስታት፣ አልነበረውም። እኔም መኖር እንዳለበት አላወቅሁም። ማቱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሌት ተቀን ይሞቃል። ቤታችን ሲቀዘቅዝ ኑግ ማቱ ያለበት ጥግ ላይ ተጋድማ መዋል ጀመረች። ልጄ «ተመችቷታል» አለችኝ። ከሳምንት በኋላ ስናነሳት የሆዷ ቅርፊት ቀልቶ፣ ሁለት ቦታ ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ለሳምንታት ቅባት ስንቀባት፣ ጉዝጓዟን አንስተን ወረቀት ላይ ስናስተኛት ከረምን። ከሐኪሟ ምክር በኋላ የሙቀት መለኪያ ገዝቼ የመስታወቱን ወለል ለካሁት። 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር።

«ታዲያ ካቃጠላት ለምን አልተነሳችም?» ብዬ ጠየቅኋት ሐኪሟን። እባብ በተፈጥሮው የሚያውቀው ከላይ የሚመጣ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ከላይ ናት። ከሥር የሚያቃጥለውን ሁልጊዜ ሸሽቶ አይሄድም። የቀረው ሳጥን ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ያለው አማራጭ ወይ መቃጠል ወይ መብረድ ነው። ኑግም ይህ ነበር የገጠማት።

ስለዚህ ማት ይሁን አምፖል ይሁን ሴራሚክ (ያለ ብርሃን የሚያሞቅ የሸክላ ማሞቂያ)፣ ማንኛውም ማሞቂያ በቴርሞስታት በኩል ነው የሚሰካው። ዓይነቱም ይለያያል። ለማት እያበራ እያጠፋ የሚሠራው ቀላሉ ይበቃል። ለአምፖል ግን ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚቀንስና የሚጨምር ዲሚንግ ቴርሞስታት ያስፈልጋል፤ አለዚያ አምፖሉ ሲበራ ሲጠፋ ይውልና እንስሳውን ያስጨንቃል፣ ራሱም ቶሎ ይቃጠላል። ለሴራሚክ በአጭር በአጭሩ ኃይል የሚልከው ፐልስ የሚባለው ጥሩ ነው።

የቴርሞስታቱን ሴንሰር፣ ማለትም ሙቀቱን የሚለካውን ጫፍ፣ ደግሞ በደንብ እሰሩት። እባቡ ጎትቶ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ከወሰደው ቴርሞስታቱ «ቤቱ ቀዝቅዟል» ብሎ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ሂት ሮክ መግዛት

ድንጋይ የሚመስል፣ በውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለው ማሞቂያ ነው። አሁንም ይሸጣል። አንዱ ጎኑ ለብ ሲል ሌላው ያቃጥላል። እባብ ደግሞ ይጠመጠምበታል። አትግዙት።

ሳጥኑን በሙሉ እኩል ማሞቅ

ደግ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። «ብርድ እንዳይነካው» ብሎ ከዳር እስከ ዳር ያሞቃል። እባቡ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቦታም ያስፈልገዋል። ማሞቂያው በአንድ ጎን ብቻ ይሁን። ለቦል ፓይተን በሞቀው ጎን ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮርን ስኔክ የሚባለው፣ ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የመጣው ቀጭን እባብ፣ ቀዝቀዝ ያለውን ይወዳል፦ የሞቀው ጎን 30 አካባቢ፣ የቀዘቀዘው ከ22 እስከ 25።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። የአሜሪካ መመሪያዎች የሚጽፉት በፋራናይት ነው። 90 ፋራናይት ማለት 32 ሴልሺየስ ነው። እኛ ያደግነው በሴልሺየስ ስለሆነ ቁጥሩ ይምታታብናል። ቴርሞስታታችሁ በየትኛው እንደሚሠራ ሳታዩ ቁጥር አታስገቡ።

ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ክብ ቴርሞሜትርም አትመኑት። የሚለካው የተለጠፈበትን ግድግዳ እንጂ እባቡ የተኛበትን አይደለም። ሴንሰር ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ሁለት ግዙ፣ ለሞቀውና ለቀዘቀዘው ጎን። የወለሉን ሙቀት ለማወቅ ደግሞ እንደ ሽጉጥ ተይዞ የሚለካው ኢንፍራሬድ ጥሩ ነው።

ሌሊት ቀይ አምፖል ማብራት

«ቀይ ብርሃን ለእባብ አይታይም» የሚል ወሬ አለ። ይታየዋል። ሌሊት ጨለማ ያስፈልገዋል። ማታ ቤታችሁ ከቀዘቀዘ ብርሃን የሌለው ሴራሚክ ማሞቂያ ተጠቀሙ። ቀን ግን እኔ የምመርጠው ሃሎጅን አምፖል ነው፤ ሙቀቱ እንደ ፀሐይ ወደ ሰውነት ጠልቆ ይገባል፣ ሴራሚክ ግን ይበልጥ አየሩንና ላዩን ብቻ ነው የሚያሞቀው። አምፖሉ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ የሽቦ መከለያ ይደረግለት። እባብ ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ አምፖል ላይ ተጠምጥሞ የሚቃጠል ብዙ ነው። የሴራሚክ ማሞቂያ የሚገባበት መያዣም የሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ሰፊ ቤት ያለ መደበቂያ፣ ጠባብ ቤት ለትልቅ እባብ

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይላሉ አበው። ተረቱ ስለ ሰው ነው፤ ግን ስለ እባብም እውነት ይናገራል። እባብ ሜዳ ላይ አይኖርም። ድንጋይ ለድንጋይ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ ነው ኑሮው። ሰውነቱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚነካው ጠበብ ያለ ቦታ ውስጥ ሲሆን ነው የሚረጋጋው።

መደበቂያ ሁለት ያስፈልጋል፦ አንድ በሞቀው ጎን፣ አንድ በቀዘቀዘው። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ወይ ደህንነቱን ወይ የሚስማማውን ሙቀት ለመምረጥ ይገደዳል። ብዙ ጊዜ ደህንነቱን ይመርጣል፤ ከዚያ ይበርደዋል፣ መብላት ያቆማል። ባለቤቱ ደግሞ «አልበላ አለኝ» ብሎ ምግብ ይቀያይራል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ላደገ ቦል ፓይተን 120 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ዝቅተኛው ነው። ቢሰፋ ይሻላል። ትልቅ ሳጥን እባብ ያስፈራል የሚባለው ባዶ ሲሆን ነው። ቅርንጫፍ፣ የዛፍ ልጣጭ፣ የፕላስቲክ ቅጠል ሙሉት፤ ግልገሉም ይረጋጋል።

ክዳኑ ሽቦ የሆነ የመስታወት ሳጥን ሙቀትም እርጥበትም ያስወጣል። ቦል ፓይተን ከ60 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ሲጎድልበት ቆዳውን ሲለውጥ እየተቦጫጨቀ ይቀርበታል። ሜሪላንድ በብርዱ ወራት የቤት ማሞቂያ ሲበራ አየሩ እንደ ብራና ይደርቃል። እኛ በመጀመሪያ የክዳኑን ግማሽ በፎይል ሸፈንነው። በኋላ ከፊት የሚከፈት ፒቪሲ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ሳጥን ገዛን። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ለዚህ ዝርያ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

መቆለፊያም አይረሳ። ኮርን ስኔክ በተለይ ጣት በማያስገባ ክፍተት ያመልጣል። ክዳን ላይ መጽሐፍ መጫን መቆለፊያ አይደለም።

ሳጥኑን ያገኙበት ቦታ ማስቀመጥ

መስኮት ሥር አታድርጉት። ፀሐይ በመስታወት ስትገባ ሳጥኑ በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል፤ እባቡ የሚሸሽበት ጥላ አይኖርም። ከቤት ማሞቂያና ከኤሲ አጠገብም አይሁን።

ወጥ ቤት ደግሞ ፈጽሞ። እባብ ራሱ ሳይታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል። የውሃ ዕቃውን እንጀራ የምንበላበት ሳህን በሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ አታጥቡ። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት እባብ ባይገባ ይመከራል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

የማይሆን ጉዝጓዝ

የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ ሽታው ደስ ይላል። ዘይቱ ግን የእባብን ሳንባ ይጎዳል፤ ከቤታችሁ አርቁት። ለቦል ፓይተን የኮኮናት ቃጫ ወይም የሳይፕረስ ልጣጭ፣ ለኮርን ስኔክ የአስፐን ፍቅፋቂ ይሆናል። አስፐን ከረጠበ ይሻግታል። ከሥሩ ማት ካለ ጉዝጓዙ አይወፍር፤ ሙቀቱ ከታች ይታፈንና ማቱን ያግለዋል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አለማሰብ

ባለፈው በረዶ ሰፈራችን ለአንድ ሌሊት መብራት አጣ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈንነው፤ አየር እንዲያገኝ በአንድ በኩል ትንሽ ተውን። ፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ እያንዳንዱን በፎጣ ጠቅልለን በአንድ ጎን አስቀመጥን። ሲቀዘቅዝ ቀየርነው። ልጄ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳች ቴርሞሜትሩን ታነብ ነበር። ከ21 ዲግሪ አልወረደም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እባቡ የሚበላበት ቀን ቢሆን እንኳ አትመግቡት። በብርድ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል፣ ያስመልሰዋል። መብራት ተመልሶ ሙቀቱ አንድ ሙሉ ቀን ከተረጋጋ በኋላ ስጡት። ኑግ መብራት በተመለሰ ማግስት ማታ ነው የበላችው።