ኢን-ኢር ሞኒተር ለባንድ ተጫዋቾች

ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ለዓመታት ራሴን የምሰማው እግሬ ሥር ከሚቀመጠው ሞኒተር፣ ማለትም ለተጫዋቹ ድምፅ ከሚያሰማው ስፒከር ነበር። ድራሙ ሲበረታ እኔም ድምፅ አስጨምራለሁ። የማሲንቆው ማይክ ደግሞ ያፏጭብናል። ሌሊት ቤት ስገባ ጆሮዬ ጭው ይላል። ወደ ኢን-ኢር፣ ማለትም ጆሮ ውስጥ ገብቶ የባንዱን ድምፅ ወደሚያሰማ ማዳመጫ የዞርኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ለጆሯችሁ ልክ የሆነ የማዳመጫ ጫፍ ምረጡ። ከላላ ቤዙ ይጠፋል፣ የውጪው ጩኸት ይገባል፣ እናንተም ድምፅ ትጨምራላችሁ። ስፖንጅ ከሆነ በጣት ጨምቃችሁ አስገቡትና እስኪነፋ ያዙት።

ሳውንድ ማኑን ወደ እናንተ የሚልከውን ድምፅ ፕሪ-ፌደር እንዲያደርገው፣ ማለትም ለታዳሚው ድምፅ ከሚያስተካክልበት መቆጣጠሪያ በፊት እንዲወስደው ጠይቁት። አለበለዚያ ለታዳሚው ድምፃዊውን ከፍ ባደረገ ቁጥር የእናንተም ሚክስ (ጆሯችሁ የሚሰማው ቅልቅል ድምፅ) ይቀየራል። ከባዶ ጀምሩ። እኔ ቤዜን፣ ቀጥሎ የድራሙን ኪክ (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ)፣ ከዚያ ድምፃዊውን አስገባለሁ። ክራር ጥቂት። ሁሉንም አታጭቁበት።

አደራ፣ አንዱን ጆሮ አውጥታችሁ አትጫወቱ። የታዳሚው ሆታና ጭብጨባ እንደሚናፍቅ አውቃለሁ። ግን ክፍቱ ጆሮ በመድረኩ ጩኸት ይመታል፤ ለሌላው ደግሞ ድምፅ ትጨምሩለታላችሁ። ይልቅ አንድ ማይክ ወደ ታዳሚው አዙሩና በትንሹ ሚክሱ ውስጥ አስገቡት።

የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚገታውን ሊሚተር አታጥፉ።

የኢን-ኢሩን ባትሪ ደግሞ ከመድረክ በፊት ቀይሩ።