ከሒሳብ ሸሽቶ ታሪክ ለመረጠ ሰው

ታሪክ ስመርጥ አንዱ ምክንያቴ ከሒሳብ መገላገል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ብራና መልሳ ወሰደችኝ። ጸሐፊው መጨረሻው ላይ በዘመነ ማርቆስ እንደፈጸመ ይናገራል፣ ዓመተ ዓለሙንም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት የተቆጠረውን ዓመት፣ ጽፏል። የመጨረሻዋ ቁጥር ግን እርጥበት አግኝቷት ደብዝዛለች። ፸፪፻፷፮ ነው ወይስ ፸፪፻፷፯? ፮ እና ፯ በደህናው ቀለም እንኳ ይመሳሰላሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በማጉያ መነጽር ባፈጥባትም ጠብ ያለ ነገር የለም።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ፣ የሒሳብ መጽሐፍ ገዝታችሁ ከገጽ 1 አትጀምሩ። እኔ ሞክሬው ሁለት ሳምንት ፈጀሁ፣ የብራናዬ ጥያቄ ግን እዚያው ነበር። ሰነዱ የሚጠይቃችሁን ብቻ ተማሩ። ለባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ዋናው ነገር ከማካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው። ስልካችሁ 7266ን ለ4 ሲያካፍል 1816.5 ይላችኋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን ቀሪውን 2 ነው። ስለዚህ ደብተር አውጡና በእጃችሁ አካፍሉ።

ዓመተ ዓለም ለ4 ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 7267 ቢሆን ኖሮ ሉቃስ ይሆን ነበር። ጸሐፊው ማርቆስ ስላለ ቁጥሯ ፮ ናት። በቃ! ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ዕለት ማውጣትን ደግሞ መልሱን በምታውቁት ቀን ተለማመዱ። እኔ ዓድዋን ወሰድኩ፦ የካቲት 23 ቀን 1888፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት። 1888 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን 5500 ዓመት ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7388 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1847 ነው፤ መጠነ ራብዒት ይሉታል። ሁለቱ ሲደመሩ 9235። ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። 1 ከተረፈ እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነው፣ 2 ከተረፈ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። 30 ቀን ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ የወሩ መባቻ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይገፋል፦ ጥቅምት ዓርብ፣ ኅዳር እሑድ፣ ታኅሣሥ ማክሰኞ፣ ጥር ሐሙስ፣ የካቲት ቅዳሜ። የካቲት 1 ቅዳሜ ከሆነ 22ም ቅዳሜ ነው። ማግስቱ እሑድ። እርሳሱን አስቀምጬ ቁጥሮቹን ደግሜ ደጋግሜ አየኋቸው።

የሚያውቅ ሰው ከመጠየቅም አትፈሩ። ዩኒቨርሲቲ እያስተማርኩ ማካፈል ልጠይቅ መሄዱ ከብዶኝ ነበር። መሪጌታው ግን ደብተሬን ተቀብለው በዝግታ አዩልኝና፣ «ልጄ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሻል ማለት ነው» አሉኝ። ሁለቱ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡባቸው ቁጥሮች ናቸው። ማረጋገጫ ማለት ይኼ ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ቤቴ ነው። ዓመተ ዓለም ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው ላይ 1 ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩን ለአበቅቴ በ11፣ ለመጥቅዕ በ19 አባዝተን፣ ለ30 አካፍለን ቀሪውን እንይዛለን። 11 እና 19 ደግሞ ሲደመሩ 30 ናቸው።

አሁን ደብተሬ ላይ ያለው 532 ነው፣ ዐቢይ ቀመር። 4 በ7፣ ከዚያ በ19 ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር ነው። ዓመቱን ከዓለም ፍጥረት ሳይሆን በዚህ ዙር ውስጥ የሚቆጥሩ ጸሐፍት አሉ፤ ቀጣዩ ብራናዬም ከእነሱ የአንዱ ሥራ ነው።