የሳንባ ሲቲ ስካን ሲታዘዝና ሲነበብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ስህተት ምስሉን እንደ መጨረሻ ፍርድ መቁጠር ነው። በሳንባ የላይኛው ክፍል የታየ ክፍተት የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር፣ የፈንገስ ሕመም ወይም መግል የቋጠረ ቁስልም ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካን የጉዳቱን ቅርጽና ቦታ እንጂ ባክቴሪያውን አያሳይም። ስለዚህ ነቀርሳ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር አክታ ሳያስመረምሩ በምስል ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወራት የሚወሰድ የነቀርሳ መድኃኒት መጀመር፣ በሽታው ካንሰር ከሆነ ውድ ጊዜ ያባክናል፤ ነቀርሳ ቢሆንም እንኳ ዋናውን የነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህን በ2 ሰዓት ገደማ የሚለየው በአክታ ውስጥ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ቀድሞ ታክሞ የዳነ ነቀርሳ የተወው ጠባሳ እንደ አዲስ በሽታ ይነበብና ታካሚው እንደገና መድኃኒት ይጀምራል። ጠባሳ ለዓመታት ሳይለወጥ ስለሚቆይ የቀድሞውን ምስል ማነጻጸር ብዙ ይረዳል፤ አልጋ ሥር የተረሳው አሮጌ ራጅ አንዳንዴ ከአዲሱ ሲቲ ስካን ይልቅ የሚናገረው አለ።

ሌላው ስህተት በምርመራ መጠየቂያው ላይ «የደረት ሲቲ» ብሎ ብቻ መጻፍ ነው። በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ከተጠረጠረ ኮንትራስት (የደም ሥሮችን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ ፈሳሽ) በደም ሥር ተሰጥቶ፣ ወደ ሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች በሚደርስበት ቅጽበት ምስሉ መነሣት አለበት። ያለ ኮንትራስት የተነሣ ምስል የረጋውን ደም በቀላሉ ያልፈዋል። ሳንባ ጠባሳ እየያዘ የሚደርቅበት ሕመም (ፋይብሮሲስ) ሲጠረጠር ግን ኮንትራስት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው 1.5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ያለው ምስል ነው።

ታካሚው በደንብ አየር ስቦ ትንፋሹን ካልያዘ ጤነኛ ሳንባ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ትንሽ እብጠት በታየ ቁጥር በየጥቂት ወሩ ምርመራውን መድገምም ተገቢ አይደለም። የካንሰር ተጋላጭነቱ ዝቅተኛ በሆነ ጎልማሳ ላይ በአጋጣሚ የተገኘ፣ ከ6 ሚሊሜትር ያነሰ ጠጣር እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ክትትል አይፈልግም፤ አንድ መደበኛ የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ በአማካይ 7 ሚሊሲቨርት ገደማ ጨረር ሲያደርስ፣ የደረት ራጅ የሚያደርሰው 0.1 ያህል ብቻ ነው።

በመጨረሻም ምስሉ ንጹሕ ሆነ ማለት አስም የለም ማለት አይደለም። አስም የሚለየው ታካሚው የትንፋሽን መጠንና ፍጥነት በሚለካው ስፓይሮሜትር ውስጥ በኃይል ሲተነፍስ፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከመውሰዱ በፊትና በኋላ በሚገኘው ልዩነት ነው።